በሩጫ መካከል የወደቀ ሯጭና የኢሲጂ ወረቀቱ፦ ለአንዲት እኅት ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ የአራት ኪሎ አካባቢ ነዋሪ ናቸው። የ19 ዓመት ወንድማቸው ጃን ሜዳ ላይ የሚሠለጥን የ5,000 ሜትር ሯጭ ነው። ባለፈው ወር በፍጥነት ልምምድ ላይ ሳለ፣ ዙሩን ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው በድንገት በግንባሩ ተደፍቶ ወደቀ፤ አገጩ ተላጠ፤ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥም ነቅቶ «ምን ሆንኩ?» አለ። አሠልጣኙ ቁርስ ሳይበላ በመምጣቱ ነው አሉ። ፒያሳ አጠገብ ባለ ክሊኒክ ኢሲጂ (የልብን ኤሌክትሪክ በወረቀት ላይ የሚመዘግብ ምርመራ) ተነሥቶ የልብ ምቱ በደቂቃ 44 መሆኑ፣ የግራው የታችኛው የልብ ክፍል መወፈሩን የሚጠቁም ምልክት መታየቱ፣ በደረት ላይ ከሚለጠፉት ገመዶች በመጀመሪያዎቹ ሦስት ደግሞ የቲ ሞገድ (ከእያንዳንዱ ምት ሹል መስመር በኋላ የሚመጣው ጉብታ) መገልበጡ ተጻፈለት። ክሊኒኩ «ከእንግዲህ ስፖርት የሚባል ነገር አትሥራ» ብሎ አሰናበተው፤ አሠልጣኙ በበኩላቸው «የሯጭ ልብ ሁሉ እንዲህ ነው» ብለው ወደ ልምምድ ሊመልሱት ይፈልጋሉ። ጠያቂዋ በደብዳቤያቸው መጨረሻ ላይ፣ እንደ ተራ ነገር፣ የአባታቸው ወንድም የሆኑት አጎታቸው በ34 ዓመታቸው እርሻ ላይ እንዳሉ «ምች መትቷቸው» መሞታቸውን ጠቅሰዋል። «ማንን እንስማ? እኔስ የ42 ዓመት ሴት፣ የደም ግፊት ያለብኝ፣ ጠዋት ጠዋት መስቀል አደባባይ የምሮጥ፣ ማቆም አለብኝ?» ሲሉም ይጠይቃሉ።

የተከበሩ ጠያቂ፣

ክሊኒኩም አሠልጣኙም የተናገሩት ስለ ወረቀቱ ነው፤ ስለ ውድቀቱ በቅጡ የጠየቀ ያለ አይመስልም። ወረቀቱን ብቻ አይቼ ፍረድ ብባል አሠልጣኙ ወደ እውነቱ ይቀርባሉ ባልኩ ነበር። ወንድምዎ የወደቀበትን ሁኔታና የአጎትዎን አሟሟት ስጨምርበት ግን ክሊኒኩ ያዘዘው እረፍት ተገቢ ሆኖ አገኘዋለሁ፤ ያዘዘበት ምክንያት ሌላ ቢሆንም፣ «ከእንግዲህ» የሚለውም ቃል ያለ ጊዜው የተነገረ ቢሆንም። ስለዚህ ወንድምዎ ምርመራው እስኪያልቅ ድረስ አይሩጥ። አይሩጥ ስል የፍጥነት ልምምዱን ብቻ ማለቴ አይደለም፤ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ዳገት መውጣቱም፣ ከሰፈር ልጆች ጋር ኳስ መጫወቱም ይቅር። በእግሩ ቀስ ብሎ ቢሄድ ግን ችግር የለውም።

አሁን ወደ ዝርዝሩ እንግባ። ቤተሰብን ብዙ ጊዜ የሚያስደነግጠው 44 የሚለው ቁጥር ነው። በእረፍት ላይ ያለ አዋቂ ሰው ልብ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ይመታል ተብሎ የተቀመጠው ወሰን ለረጅም ርቀት ሯጭ የተለካ አይደለም። ልብ በደቂቃ የሚረጨው ደም፣ በአንድ ምት የሚረጨው መጠን በምቱ ብዛት ሲባዛ የሚገኝ ነው። ስፖርት የማይሠራ ሰው ልብ በአንድ ምት 70 ሚሊ ሊትር ያህል እየረጨ በደቂቃ 70 ጊዜ ቢመታ ወደ 5 ሊትር ያደርሳል። ለዓመታት የሠለጠነ ልብ ግን ክፍሎቹ ሰፍተው በአንድ ምት 110 ሚሊ ሊትር የሚረጩ ከሆነ፣ ያንኑ 5 ሊትር ለማድረስ 45 ምት ይበቃዋል። በዚያ ላይ ልብን የሚያረጋጋው ቬገስ የተባለው ነርቭ በሠለጠነ ሰው ላይ ይበረታል። ሯጭ ተኝቶ ሳለ ምቱ ከ40 በታች መውረዱም የተለመደ ነው። ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም፤ ሄንሸን የተባለው ስዊድናዊ ሐኪም ገና በ1899 (እ.ኤ.አ.) የበረዶ ሸርተቴ ተወዳዳሪዎችን ደረት በጣቱ መታ መታ እያደረገ በመመርመር ልባቸው ከሌላው ሰው የሰፋ መሆኑን ጽፎ ነበር። ወንድምዎ ቁጭ ባለበት የማይደክመውና ራሱን የማያዞረው ከሆነ፣ ሲሮጥም ምቱ እንደሚገባው ከፍ የሚል ከሆነ፣ 44 ብቻውን በሽታ አይባልም።

ወረቀቱ እጅዎ ላይ ካለ አንድ ጊዜ ይመልከቱት። ባለ ካሬ ነው፤ ማሽኑ ወረቀቱን በሴኮንድ 25 ሚሊ ሜትር ስለሚያስኬደው አንዱ ትልቅ ካሬ 0.2 ሴኮንድ ይሆናል። ከአንዱ ረጅም ሹል እስከ ቀጣዩ ሹል ያሉትን ትልልቅ ካሬዎች ቆጥረው 300ን በዚያ ቢያካፍሉ የልብ ምቱን ያገኛሉ፤ በወንድምዎ ወረቀት ላይ ሰባት ገደማ ካሬ መኖር አለበት። ከላይ በኩል በእንግሊዝኛ የታተመው ትርጓሜ ግን የማሽኑ እንጂ የሐኪም ንባብ አይደለም። ለማሽኑ የሚነገረው ዕድሜና ጾታ ነው፤ የተኛው ልጅ በሳምንት ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሮጥ የነገረው የለም። ጤነኛ ሯጮች «የልብ ድካም አለብህ» ተብለው እያለቀሱ የሚመጡት ብዙውን ጊዜ በዚህ የማሽን ጽሑፍ የተነሣ ነው።

የአትሌቶች ኢሲጂ እንዴት መነበብ እንዳለበት የሚወስን ዓለም አቀፍ መስፈርት በ2017 (እ.ኤ.አ.) ታትሟል። በዚህ መስፈርት መሠረት ዝግ ያለ ምት፣ ከላይኛው የልብ ክፍል ወደ ታችኛው የሚሄደው መልእክት በመጠኑ መዘግየቱ፣ የሹሎቹ ቁመት ብቻውን ከፍ ብሎ «የልብ ጡንቻ ወፍሯል» የሚያሰኘው ምልክት፣ እነዚህ ሁሉ ከሥልጠና የሚመጡ ለውጦች ተብለው ይታለፋሉ። የአፍሪካ የዘር ሐረግ ባላቸው አትሌቶች ላይ ደግሞ ከቪ1 እስከ ቪ4 በተባሉት የደረት ገመዶች ላይ መስመሩ እንደ ጉልላት ከፍ ብሎ ከዚያ የቲ ሞገዱ ቢገለበጥ ይህም ጤናማ ነው ይላል። የወንድምዎ ከቪ1 እስከ ቪ3 ስለሆነ፣ መስመሩም ያ ቅርጽ ካለው፣ በዚህ ክልል ውስጥ ይወድቃል። መገልበጡ ወደ ቪ5 እና ቪ6 ቢሻገር ግን፣ ሯጩ ጥቁርም ይሁን ነጭ፣ ምንም ዓይነት ሕመም ይሰማውም አይሰማው፣ የልብ ጡንቻ በሽታ አለመኖሩ እስኪረጋገጥ ድረስ በዝምታ አይታለፍም። ኪው ቲ የሚባለው ልኬት (ልብ ከአንድ ምት በኋላ ኤሌክትሪኩን መልሶ ለመሙላት የሚወስድበት ጊዜ) ለምቱ ፍጥነት ተስተካክሎ በወንድ 470፣ በሴት 480 ሚሊ ሴኮንድ ከደረሰም እንደዚሁ። ምቱ እንዲህ ዝግ ባለ ጊዜ ማሽኑ ኪው ቲን ሲለካ ስለሚሳሳት፣ ሐኪሙ በእጁ በማስመሪያ እንዲለካው ይጠይቁ፤ ይህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

መስፈርቱ ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፣ የወንድምዎም ጉዳይ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። የተጻፈው ምንም የሕመም ምልክት ለሌለውና በቤተሰቡ ውስጥ በለጋ ዕድሜው በድንገት የሞተ ሰው ለሌለው አትሌት ነው። ወንድምዎ ከሁለቱ አንዱንም አያሟላም። አሠልጣኙ «የሯጭ ልብ ሁሉ እንዲህ ነው» ሲሉ ያልተሳሳቱት ሩጫ ላይ ላልወደቀ ሯጭ ነው።

ስለ ውድቀቱ ጠለቅ ብዬ መናገር ያስፈልገኛል። ሯጭ በሁለት መንገድ ይወድቃል። አንደኛው ካበቃ በኋላ ነው፤ መስመሩን አልፎ በድንገት ቀጥ ብሎ ሲቆም። በሩጫ ጊዜ የእግር ጡንቻዎች በተጨማደዱ ቁጥር ደሙን ወደ ላይ፣ ወደ ልብ ይገፉታል፤ ድንገት ሲቆም ይህ ግፊት ይቀርና ደሙ እግር ላይ ይጠራቀማል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ዓይን ይጨልማል፣ ጉልበት ይከዳል። እግሩን ከፍ አድርገው ሲያስተኙት ወዲያው ይነቃል። ይህ በአብዛኛው ጉዳት የለውም፤ መድኃኒቱም መስመሩን ካለፉ በኋላ አለመቆም፣ ጥቂት ደቂቃ መራመድ ነው። ሁለተኛው ግን እግሩ ገና እየሠራ፣ ልቡ ከፍተኛ ጉልበት ላይ እያለ፣ በሩጫው መካከል መውደቅ ነው። ያን ጊዜ ጡንቻው ደሙን እየገፋ ስለሆነ «ደም እግሩ ላይ ቀረ» የሚለው ምክንያት አይሠራም፤ ልቡ ራሱ ለጥቂት ሴኮንድ ደም መርጨት አቁሟል ወይም እጅግ ቀንሷል ብለን ለመጠርጠር እንገደዳለን። ወንድምዎ የወደቀው በዚህኛው መንገድ ነው።

በጻፉት ውስጥ ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላም ነገር አለ፤ የተላጠው አገጩ ነው። ራሱን የሚያዞረውና ዓይኑ የሚጨልመው ሰው ከመውደቁ በፊት ጥቂት ፋታ ስለሚያገኝ እጁን ይዘረጋል፤ መዳፉ ወይም ክርኑ ወይም ጉልበቱ ይላጣል። መዳፉ ደኅና ሆኖ አገጩ የተላጠ ልጅ መውደቁን ሳያውቅ የወደቀ ነው። እጁን ተመልክተው ከሆነ ለሐኪሙ ይንገሩ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ወንድምዎን ለብቻው አስቀምጠው ይጠይቁት፦ ከመውደቁ በፊት ልቡ ደረቱ ውስጥ ሲርገበገብ ተሰምቶታል? ከዚህ በፊትስ ሳይናገር የቀረው ተመሳሳይ ነገር አለ? ሲሮጥ ደረቱን ይጨንቀዋል? አብረውት የሚሠለጥኑትንም ይጠይቁ። ሯጮች ከቡድን እንዳይቀነሱ ሲሉ እንዲህ ያለውን ይደብቃሉ፤ እኅት የምታወጣውን ያህል ሐኪም አያወጣም። ቁርስ አለመብላቱ ግን ዋነኛው ምክንያት አይመስለኝም። ሯጮቻችን ገና ሳይነጋ ባዶ ሆዳቸውን መሮጥ ልማዳቸው ነው፤ ረኃብ ያዝላል፣ ያንቀጠቅጣል እንጂ እንዲህ እንደ መብራት ቀጥ አድርጎ አያጠፋም። ከፍታውንም አላሳብብም፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ በመሆኗ አየሩ የሚሰጠው ኦክስጅን ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር ወደ ሩብ ገደማ ቢያንስም፣ እዚሁ ተወልዶ ላደገ ልጅ ሜዳው ላይ መውደቂያ ምክንያት አይሆንም።

እንግዲህ ምንድን ሊሆን ይችላል? በመጀመሪያ የማስበው ሃይፐርትሮፊክ ካርዲዮማዮፓቲ የተባለውን፣ የልብ ጡንቻ ያለ በቂ ምክንያት የሚወፍርበትን በዘር የሚተላለፍ በሽታ ነው። ከ500 ሰዎች በአንዱ ላይ ይገኛል ተብሎ ይገመታል፤ ያለበት ወላጅ ለእያንዳንዱ ልጁ የማስተላለፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። የጡንቻው ጭረቶች በሥርዓት ስለማይደረደሩ፣ ልቡ በፍጥነት ሲመታ ኤሌክትሪኩ መንገዱን ስቶ መዞር ይጀምራል፤ የታችኛው የልብ ክፍል ከመጨማደድ ይልቅ ይንቀጠቀጣል፤ ሰውየውም ይወድቃል። ካሜሩናዊው የእግር ኳስ ተጫዋች ማርክ ቪቪየን ፎኤ በ2003 (እ.ኤ.አ.) ሊዮን ላይ ከኮሎምቢያ ጋር በተደረገው የኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ በ72ኛው ደቂቃ፣ ማንም ሳይነካው መሃል ሜዳ ላይ ወድቆ ሲሞት፣ በአስከሬን ምርመራው የተገኘው ይህ ነበር። አጎትዎ በ34 ዓመታቸው፣ ጉልበት በሚጠይቅ ሥራ ላይ እያሉ መሞታቸውን ሳነብ የቆምኩት ለዚህ ነው። በሀገራችን ወጣት ሰው ሳይታመም ሲሞት «ምች ነው»፣ «ዓይን በልቶት ነው» ተብሎ ይቀበራል፤ አስከሬን የሚመረመረው ከስንት አንዱ ነው፤ የዘር በሽታውም በዚያው ይቀበራል። ስለ አጎትዎ የሚያስታውሱ ሽማግሌ ዘመድ ካሉ፣ ቀድሞ ራሳቸውን ስተው ያውቁ እንደ ነበር፣ ሌላም እንዲህ የሞተ ዘመድ እንዳለ ይጠይቁልኝ።

ሁለተኛው ወገን የልብ ቅርጽ ደኅና ሆኖ ኤሌክትሪኩ ብቻ የሚታወክበት ነው። ረጅም ኪው ቲ የተባለው ችግር በተለይ በሩጫና በዋና፣ በሌላው ዓይነቱ ደግሞ በድንገተኛ ድምፅ ይቀሰቀሳል። ሰውየው ሲወድቅ አእምሮው ደም ስለሚያጣ ሰውነቱ ሊንፈራገጥ ይችላል፤ በዚህም ምክንያት «የሚጥል በሽታ» ተብሎ ለዓመታት የተሳሳተ መድኃኒት የሚውጥ፣ ጠበል ለጠበል የሚንከራተት ልጅ አለ። ጠበሉን አትሂድ አልልም፤ ኢሲጂ ግን ሳይነሣ አይቅር ነው የምለው። ደብሊው ፒ ደብሊው የሚባለው ደግሞ በላይኛውና በታችኛው የልብ ክፍል መካከል ትርፍ የኤሌክትሪክ መንገድ ይዞ መወለድ ነው፤ በኢሲጂ ላይ ስለሚታይና ትርፉን መንገድ በቀጭን ሽቦ ገብቶ በማቃጠል በአብዛኛው ፈጽሞ ስለሚድን፣ ከእነዚህ ሁሉ የሚሻለው እሱ ነው። ከዚህ ሌላ ልብን የሚመግቡት የደም ሥሮች ካለ ቦታቸው በቅለው በሩጫ ጊዜ የሚታፈኑበት አፈጣጠር አለ፤ እረፍት ላይ የተነሣ ኢሲጂ ይህን ላያሳይ ይችላል።

በውጭ ሀገር መጻሕፍት ላይ ብዙ ቦታ የማይሰጠውን፣ ለእኛ ግን የግድ የሆነውን ልጨምር፦ በልጅነት ሳይታከም ከታለፈ ቶንሲል የሚመጣውን የልብ በሮች ጉዳት። የጉሮሮው ተሕዋሲ ከጠፋ በኋላ የሰውነት መከላከያ በስሕተት መገጣጠሚያንና የልብ በሮችን ያጠቃል፤ ግራው በር ይጠባል ወይም ያፈሳል፤ ሲቆይም የላይኛው ክፍል ይለጠጥና ምቱ ሥርዓት ያጣል። ወንድምዎ በልጅነቱ ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱ እየተፈራረቀ አብጦ ያውቅ እንደ ሆነ እናታችሁን ይጠይቁ። ይህ በሽታ በማዳመጫ የሚሰማ የራሱ ድምፅ አለው፤ ደረቱን ከፍቶ በጸጥታ የሚያዳምጥ ሐኪም ብዙ ጊዜ ያገኘዋል፤ ከተገኘም በየሦስትና በየአራት ሳምንቱ የሚወሰድ የፔኒሲሊን መርፌ እንዳይባባስ ያደርገዋል።

ምርመራውን በተመለከተ፣ ከጤና ጣቢያ ወይም ከክሊኒኩ የሪፈር ወረቀት ይዘው የልብ ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል ይሂዱ፤ ለእናንተ ጥቁር አንበሳ ቅርብ ነው። ወረፋው ረጅም መሆኑን አውቃለሁ። ስለዚህ ሪፈሩ ላይ «ለአጠቃላይ ምርመራ» ተብሎ ሳይሆን «በሩጫ መካከል ራሱን ስቶ የወደቀ፣ አጎቱ በ34 ዓመታቸው በድንገት የሞቱ» ተብሎ እንዲጻፍ ያድርጉ፤ ወረፋ ሲደለደል ልዩነት የሚያመጣው ይህ ዐረፍተ ነገር ነው። የመጀመሪያው ምርመራ የልብ አልትራሳውንድ፣ ማለትም ኤኮ ነው። ለሚያነሣው ባለሙያ ልጁ ሯጭ መሆኑንና በሳምንት ምን ያህል እንደሚሮጥ ይንገሩት። የሠለጠነ ልብ ግድግዳው ከ12 ሚሊ ሜትር እምብዛም አያልፍም፤ በጥቁር አትሌቶች ላይ እስከ 15 የሚደርስ አለ፤ በሽታ የምንለው በተለምዶ ከ15 ጀምሮ ነው። ከ13 እስከ 15 ያለው ግራ የሚያጋባ ክልል ነው። እዚያ ላይ የምናየው ክፍሉን ነው፤ ሥልጠና ያወፈረው ልብ ውስጡም አብሮ ይሰፋል፣ በሽታ ያወፈረው ግን ውስጡ ጠባብ ሆኖ ይቀራል። ያም ካልለየው ለሦስት ወር ያህል ሥልጠና አቁሞ እንደገና ይለካል፤ የሥልጠናው ውፍረት ይቀንሳል፣ የበሽታው አይቀንስም። ወንድምዎ አሁን የሚያርፍበት ጊዜ እንግዲህ ባክኖ አይቀርም።

ከኤኮው በኋላ፣ ሐኪሙ ከፈቀደ፣ ኢሲጂ ተገጥሞለት በትሬድሚል (በመሮጫ ማሽን) ላይ ይሮጣል፤ ልክ እንደ ልምምዱ እስከ አቅሙ ጥግ መሮጥ አለበት፤ ለአርባ ዓመት ጎልማሳ በተሠራው ልክ ምቱ ትንሽ ከፍ ሲል «ይበቃል» ተብሎ ከወረደ ምርመራው ለእሱ ዋጋ የለውም። ለ24 ወይም ለ48 ሰዓት አንገት ላይ ተንጠልጥሎ የልብ ምቱን ያለማቋረጥ የሚመዘግበው ሆልተርም ይጠቅማል። የልብ ኤምአርአይ ከተገኘ ጡንቻው ውስጥ ጠባሳ መኖሩን ያሳያል። ይህ ሁሉ ተደርጎ እንኳ የሚያመልጥ አለ። ዴንማርካዊው የእግር ኳስ ተጫዋች ክርስቲያን ኤሪክሰን በትልልቅ ክለቦች ሲጫወት በየጊዜው ሲመረመር የኖረ ሰው ነው፤ በ2021 (እ.ኤ.አ.) ኮፐንሃገን ላይ ከፊንላንድ ጋር ሲጫወት ልቡ ቆመ። ሕይወቱን ያተረፈው ከዓመታት በፊት የተነሣ ወረቀት ሳይሆን በደቂቃዎች ውስጥ ሜዳ ላይ የደረሰለት የደረት መታሸትና የኤሌክትሪክ ማስነሻ ነው። በቆዳው ሥር አይሲዲ የተባለው፣ ምቱ ሲታወክ በኤሌክትሪክ የሚመልሰው መሣሪያ ተተክሎለት በቀጣዩ ዓመት ወደ ሜዳ ተመልሷል።

ይህን ያነሣሁት ለልምምድ ሜዳው ጉዳይ ነው። እኛም ዘንድ በታኅሣሥ 1997 ዓ.ም. የ1,500 ሜትር የዓለም ታዳጊዎች ሻምፒዮን የነበረች ወጣት ሯጫችን በአዲስ አበባ ዳርቻ በልምምድ ላይ ሳለች ወድቃ ሕይወቷ አልፏል። አንድ ሰው ሲወድቅ ክብሪት ጭሮ ማሽተት፣ ጥርሱን በማንኪያ መፈልቀቅ፣ ፊቱ ላይ ውኃ መርጨት የለመድናቸው ናቸው፤ ልቡ ለቆመ ሰው ግን እያንዳንዷ በዚህ የምታልፍ ደቂቃ የመትረፍ ዕድሉን ከ7 እስከ 10 በመቶ ትቀንሳለች። ጠርተውት ካልመለሰ፣ ትንፋሹም ከሌለ ወይም እንደ ሲቃ አልፎ አልፎ ብቻ ከሆነ፣ ቢንፈራገጥም እንኳ፣ ልቡ ቆሟል ብለው ይነሡ። በጀርባው አስተኝተው፣ ሁለት እጅዎን ደራርበው የደረቱ አጥንት መሃል ላይ፣ ደረቱ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል እስኪጎደጉድ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ይጫኑ፤ ሌላው ሰው ቀይ መስቀልን በ907 ይጥራ። ይህን ለአሠልጣኙ በትሕትና ያሳዩአቸው፤ ሠላሳ ልጅ በሚሠለጥንበት ሜዳ ላይ ይህን የሚያውቅ ሁለት ሰው መገኘቱ ከምርመራው ያነሰ ጥቅም የለውም።

ምርመራው እስኪደርስ ድረስ ወንድምዎ የሚጠነቀቅባቸው ጥቂት ነገሮች አሉ። ጫትና ኃይል ሰጪ የሚባሉት የቆርቆሮ መጠጦች ይቅሩበት። ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ የሚገዙ አንዳንድ መድኃኒቶች፣ አዚትሮማይሲን፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ለወባ የሚሰጠው ክሎሮኪን፣ ኪው ቲን ያረዝማሉና ኢሲጂው በሐኪም ተነብቦ ሳይለይ አይውሰዳቸው፤ ተቅማጥ ይዞት ከሆነ ደግሞ ፖታሲየሙ ስለሚወርድ አደጋው ይብሳል። ለሌሎቹም ሯጮች የሚሆን አንድ ቃል፦ «ጉንፋኑን በላብ አስወጣዋለሁ» ብሎ ትኩሳት ይዞ መሮጥ መጥፎ ልማድ ነው። ቫይረሱ አንዳንድ ጊዜ የልብን ጡንቻ ያስቆጣል፤ የተቆጣ ጡንቻ ይዞ መሮጥ ደግሞ ምትን ያቃውሳል። ይህ የልብ ጡንቻ ብግነት የተረጋገጠበት አትሌት ሐኪሙ እስኪፈቅድለት ድረስ ከከባድ ልምምድ ይታገዳል።

ስለ ራስዎ የጠየቁት አጭር መልስ አለው። ከ35 ዓመት በላይ ባለ ሰው ላይ ዋነኛው ስጋት የልብ ደም ሥሮች በስብ መጥበብ ነው፤ ደም ግፊት ደግሞ ለዚህ መንገድ ጠራጊ ነው። ሆኖም በአሜሪካ ከ2000 እስከ 2010 (እ.ኤ.አ.) በማራቶንና በግማሽ ማራቶን ከተካፈሉ 10.9 ሚሊዮን ያህል ሯጮች መካከል ልባቸው የቆመው 59 ነበሩ። ስለዚህ ሩጫዎን አያቁሙ፤ ግፊትዎን ግን ይቆጣጠሩ፣ መድኃኒትዎን ጠዋት ስለሮጡ ብለው አይዝለሉ፣ ስኳርና ኮሌስትሮል ይለኩ። የመስቀል አደባባይን ደረጃ ሲወጡ ደረትዎን የሚጨንቅዎት፣ ሲቆሙም የሚለቅዎት ነገር ካለ ግን ሩጫውን አቁመው የልብ ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ።

በመጨረሻም፣ የወንድምዎ ኤኮ የልብ ጡንቻ መወፈር በሽታ ካሳየ ጉዳዩ የእሱ ብቻ አይሆንም። አባታችሁ፣ እርስዎና ሌሎቹ ወንድም እኅቶቻችሁ፣ የአጎትዎም ልጆች፣ ምንም ባይሰማችሁም ኢሲጂና ኤኮ መነሣት ይኖርባችኋል። አባታችሁን አሁኑኑ ማስመርመር ቢቻል ደግሞ ይመረጣል፤ የወንድምዎ ልኬት ግራ በሚያጋባው ክልል ውስጥ ቢወድቅ የአባት ልብ ሁኔታ ነገሩን ለመለየት ይረዳል።